በበጋ አንድ ቀን በጣና ላይ
የፎገራ ወፎችና የንግድ ሰው

በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ብርድ በሚበረታበት ወራት ጀልባ ተከራይቶ ወደ ባሕር መውጣትና ዓሣ ነባሪን ከባሕር ወፎች ጋር መመልከት፣ ከመዝናኛነት አልፎ ራሱን የቻለ የንግድ ሥራ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባለጀልባው፣ ባለሆቴሉ፣ ምግብ አቅራቢው፣ መነጽርና የዝናብ ልብስ የሚሸጠው ባለሱቅ፣ ሁሉም ከዚሁ ሥራ የዕለት ትርፋቸውን ያገኛሉ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ዓሣ ነባሪ በክልልዋ ውስጥ አይገኝም። ይሁን እንጂ በዚያው ወራት፣ ይኸውም በኢትዮጵያ በጋ በሚባለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በደቡብ ጎንደር በፎገራ ሜዳና በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚታየው የአዕዋፍ ትርኢት፣ ብዙ ገንዘብ ከሚከፈልበት ከባሕሩ ትርኢት የሚያንስ አይደለም። ዓሣ ነባሪም ቢሆን ዘመድ አላጣም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የዘር ሐረጉን መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው፤ ጉማሬም በጣና ውስጥ ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ወፍ መልክና ስለ ባሕር ውበት ብቻ ለመናገር የቀረበ አይደለም። አስመጪው፣ ላኪውና ባለሱቁ በየቀኑ በሚያዟዙሩት ዕቃ አማካይነት የዚህን ቦታ ዕድል ሳያውቁት እየወሰኑ ስለ ሆነ፣ ነገሩ በንግድ ሰው ዓይን ሊመረመር ይገባዋል።

የቦታው አቀማመጥ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያቀናው መንገድ የሚገነጠለው ከዚህችው ከተማ ስለ ሆነ፣ ወረታ የመንገደኛና የነጋዴ መገናኛ ናት። ዛሬም ደረቅ ወደብ ተሠርቶባታል፤ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎችም በየሰፈሩ ይሰማሉ።

ከከተማይቱ በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው ጥቁር የመረሬ አፈር ሜዳ ፎገራ ነው። ጉማራና ርብ የሚባሉት ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ይህን ሜዳ እያቋረጡ ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ከገደባቸው አልፈው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ውሃው ቀስ በቀስ ሲሸሽ በየጎድጓዳው ኩሬና ረግረግ ይቀራል። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ውሃማ ቦታዎች በዚህ ዓይነት የሚፈጠሩ ናቸው። ገበሬው ውሃው በለቀቀው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ በወተት ሀብቱ የታወቀው የፎገራ ከብት በሣሩ ላይ ይሠማራል፤ በዚያው ሰሞን ወፎቹ ይመጣሉ።

ጣና ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ እጅግ በበዛበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ውሃው ጥልቅ አለመሆኑና ዳርቻው ዝቅተኛ መሆኑ ለወፍ ተስማሚ አድርጎታል። ይህንንም ቀደም ሲል ከመሰከሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የሠራው ሻለቃ ቺዝማን ነው። ቺዝማን የሐይቁን ዙሪያ ተጉዞ፣ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሯል።

በማለዳ በውሃው ላይ

የጀልባ ጉዞ የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ በጣና ላይ ነፋስ የሚያይለው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ በማለዳ ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ወፎች ለምግብ የሚንቀሳቀሱት ፀሐይ ሳትከር ነው። በዚህ ሰዓት ጎብኚው ጋቢውን ተከናንቦ፣ አጉልቶ የሚያሳየውን መነጽር በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ከዳርቻው ሳይርቅ ወደ ጉማራ አፍ ያመራል።

መጀመሪያ የሚገናኙት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከደንገል የተሠራው ታንኳ፣ የነገደ ወይጦ ተወላጆች ከአባቶቻቸው የወረሱት ጥበብ፣ ዛሬም ከሞተር ጀልባው ጎን ለጎን ይቀዘፋል። በታንኳው ዙሪያ ነጩ ፔሊካን አይታጣም። ይህ ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋል፤ ከመንቁሩ ሥር ያለውን ከረጢት እንደ መረብ እየተጠቀመ፣ ብዙ ሆኖ በግማሽ ክብ ተሰልፎ ዓሣውን ወደ ዳር እየነዳ ያጠምዳል። ከእነርሱ በላይ፣ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ በላ ንስር ከሾላ ጫፍ ላይ ሆኖ ይጣራል። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረችው ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ በአየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ እየተርገበገበች፣ በድንገት ወደ ውሃው ትወረወራለች።

ለባሕር ወፍ የመጣ ጎብኚም ባዶ እጁን አይመለስም። በውቅያኖስ ወደብ የሚታወቁት ነጭና ግራጫ የባሕር ወፎች በበጋ ወራት በጣና ላይ ይታያሉ። ከእነርሱም ውስጥ ጀርባው የጠቆረው ዓይነት ከሰሜን አውሮጳና ከሩሲያ የባሕር ዳርቻዎች የተነሣ ነው። ከዚያው አቅጣጫ የመጡ ጅራተ ቀጭንና አፈ ሰፊ ዳክዬዎች ከአገሬው ይብራ ጋር ተቀላቅለው በየረግረጉ ይዋኛሉ።

ወደ ወንዙ አፍ ሲቀረብ ባለጀልባው ሞተሩን ዝግ ያደርጋል። ከውሃው በላይ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶም ከባድ ትንፋሽ ይሰማል። ጉማሬ ነው። የዓሣ ነባሪው ዘመድ ቀኑን በውሃ ውስጥ አሳልፎ ሌሊት ወደ የብስ በመውጣት በአንድ ጊዜ 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይግጣል፤ ክብደቱም ከ1,500 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል። ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ለመገልበጥ ስለማትመለስ፣ ልምድ ያለው ባለጀልባ ተሳፋሪው ምንም ያህል ቢለምነው ርቀቱን ጠብቆ ያልፋል።

ከሰሜን የሚመጡት እንግዶች

ቀትር ሲሆን ጎብኚው በናበጋ ወይም በዋገጠራ በኩል ወደ የብስ ይወርዳል። በሜዳው ላይ ነጩ ሳቢሳ ከከብቱ ኋላ ይከተላል፤ ደረቷ ቢጫ የሆነች፣ ጅራቷን የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍም ከአውሮጳ መጥታ በላሞቹ እግር መካከል ትንኝ ትለቅማለች። የቀኑ ዋና ትርኢት ግን ገና ነው።

ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ፣ ከምሥራቅ በኩል እንደ መለከት ያለ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ በሰማይ ላይ መስመር ይታያል፤ መስመሩም ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም ሊቆጠር የማይቻል ይሆናል። እነዚህ ክሬን የሚባሉት ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች ናቸው። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር፣ የተዘረጋ ክንፋቸው ከሁለት ሜትር ያልፋል። ቀኑን በታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ውለው፣ ሌሊቱን ከቀበሮና ከጅብ ለመጠበቅ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። በበጋ ወራት በጣና ዙሪያ የሚያርፉት ክሬኖች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ከየት እንደሚመጡ ዛሬ በትክክል ይታወቃል። በኢስቶኒያ ምልክትና በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ የታሰረላቸው ክሬኖች ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ኢትዮጵያ መድረሳቸው ተረጋግጧል። ከእነርሱ በተጨማሪ፣ አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ክሬንና ከመንቁሩ ሥር ሥጋ የሚያንጠለጥለው ትልቁ ክሬን የአገሩ ነዋሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም በዓለም ላይ ቁጥራቸው እየቀነሰ በመሄዱ አደጋ ከሚያሰጋቸው ወገን ተመድበዋል። በዚህም ምክንያት የፎገራ ሜዳ በኢትዮጵያ ለአዕዋፍ እጅግ አስፈላጊ ናቸው ከተባሉት ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። የጣና አካባቢም በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ታውቋል።

የትርፉና የጉዳቱ ሚዛን

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ለወረታ ነጋዴ ሀብት የሆነው ነገር ሁሉ ለወፉ ሀብት አይደለምና።

ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ፣ በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ተሞክሮ ነው። ውሃ ተኝቶበት ሌላ እህል ሊዘራበት የማይቻለው መሬት ምርት ሰጠ፤ ገበሬው ጠገበ፤ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ሆነ፤ ገለባው ለከብት ተረፈ፤ ወፍጮ ተተከለ፤ ከተማው አደገ። ይህ በማንም ሰው አፍ ሊነቀፍ የማይገባው በረከት ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተርም ተከትሎ መጣ። በእርሱም አማካይነት ከጉማራና ከርብ እየተሳበ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማምረት ተቻለ።

ይሁን እንጂ ያው ሞተር የሸሸርንና የወላላን ውሃ መሳብ ጀመረ። ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ መጠበቁን ትቶ ውሃውን አሸሸው። በዚህም የተነሣ እነዚህ ሁለት ረግረጎች ከቀድሞ ስፋታቸው እጅግ አንሰዋል። ነገሩ በአንድ ቀን የሆነ ስላይደለ ማንም ልብ አላለውም፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለው ነው። ክሬኑ የሚያድርበት ውሃ ሲጠብ ወደ ማሳ ይቀርባል፤ ገና የበቀለውን ሽምብራ ይነቅላል፤ ገበሬውም ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ወፍ ጠባቂ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የረግረጉ መድረቅ ወፉን ብቻ ሳይሆን ያደረቀውን ሰው ራሱን መልሶ ይጎዳል።

የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው። በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች እንዳሉ ሊቃውንት ጽፈዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። ከ1978 ዓ.ም ወዲህ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በሐይቁ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ ምርቱ አድጎ፣ የደረቀ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እስከ መላክ ተደርሶ ነበር። ነገር ግን በወንዞቹ አፍ ላይ በመራቢያ ጊዜ የሚዘረጋው መረብ እናቲቱን ከነዕንቁላልዋ ስለሚያወጣት፣ የነጭ ዓሣው ብዛት በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ወደቀ። በኋላም ከአንድ ቀጭን የፕላስቲክ ክር የሚሠራው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ መረብ ከውጭ አገር እየገባ ተበተነ። ይህ መረብ ትንሹንም ትልቁንም ዓሣ ሳይለይ ይይዛል፤ ተቀዶ ሲጣልም ሳይበሰብስ በውሃው ውስጥ ማጥመዱን ይቀጥላል፤ ጠልቆ የሚያጠምደውን ወፍም ያንቃል።

በዚህ ላይ በ2004 ዓ.ም ግድም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የታየው የደቡብ አሜሪካ አረም፣ እምቦጭ፣ ወደ ፎገራ ዳርቻ ጭምር ተስፋፋ። በ2013 ዓ.ም ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ሲነቅለው፣ ማሽንም ሲረዳው ታይቷል። ሆኖም ዘሩ በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ፣ አንድ ጊዜ ተነቅሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። እምቦጭ በሸፈነው ውሃ ላይ ታንኳ አይሄድም፤ መረብ አይጣልም፤ ፔሊካንም አያርፍበትም።

ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

ወደ ፎገራ የሚመጡት ክሬኖች በመንገዳቸው ላይ ከሚያርፉባቸው ስፍራዎች አንዱ በእስራኤል ሰሜናዊ ክፍል ያለው የሑላ ሸለቆ ነው። በዚያ የነበረው ሐይቅና ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ሲባል እንዲደርቅ ተደርጎ ነበር። ከዘመናት በኋላ አፈሩ እየተበላሸ በመሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉ ተመልሶ በውሃ ተሞላ። ክሬኖቹም መጡ፤ የኦቾሎኒውንም ማሳ አጠፉ። ገበሬዎቹ ግን ወፎቹን በማባረር ብቻ አላቆሙም፤ ከተፈጥሮ ጠባቂዎች ጋር ተስማምተው በአንድ በተወሰነ ቦታ በቆሎ እየበተኑ መመገብ ጀመሩ። ጎብኚውም በትራክተር በሚጎተት ሠረገላ ሆኖ ከወፎቹ መካከል እየገባ እንዲያይ ተደረገ። ዛሬ ቦታው በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎችን ይቀበላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር አለ። ቀድሞ በሑላ አርፈው ወደ አፍሪካ ይቀጥሉ ከነበሩት ክሬኖች ብዙዎቹ ምግብና ውሃ ስላገኙ በዚያው መክረም ጀምረዋል። ስለዚህ ወፍ እንደ ደንበኛ ነው፤ የተሻለ መስተንግዶ ካገኘበት ይቀመጣል፤ ወደ ዘጋው ሱቅ አይመለስም።

ሌላው ምሳሌ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ አስመጪና ላኪ ዕቃውን በሚያመላልስበት በጂቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ በዚሁ በበጋ ወራት ጎብኚዎች በጀልባ እየወጡ ዓሣ ነባሪ የሚያህለውን ትልቅ ሻርክ ያያሉ። የመርከብና የክሬን ማሽን ከተማ የሆነችው ወደብ፣ በኮንቴይነሩ ጎን ይህንንም ትሸጣለች። የወረታ ደረቅ ወደብ ከሜዳው ወፎች ጋር ተስማምቶ ሊኖር የማይችልበት ምክንያት አይታይም።

የነጋዴው ድርሻ

ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት የጎብኚውን ቁጥር እጅግ አሳንሶታል። ሰላም ሳይኖር ጀልባም ሆነ ሆቴል ሥራ እንደማይኖረው ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። ነገር ግን ወፉ ጎብኚውን ጠብቆ አይመጣም፤ ረግረጉም ሰላም እስኪወርድ ድረስ ሳይደርቅ አይቆይም። ጎብኚ በሚመለስበት ቀን የሚያየው ነገር እንዲያገኝ፣ ዛሬ ሊደረግ የሚቻል ሥራ አለ።

አስመጪው፣ ዓሣን ከነዘሩ የሚያጠፋውን ርካሽ መረብ ትቶ በሕግ የተፈቀደውን ባለሰፊ ዓይን መረብ፣ እንዲሁም የደኅንነት ጃኬት፣ ጭስና ድምፅ የማያበዛ የጀልባ ሞተርና መነጽር ቢያስመጣ፣ ገበያው ትንሽ ቢመስልም ነገ የሚያድግ ነው። የውሃ መሳቢያ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ገዢውን ወንዝ ለመሳብ ነው ወይስ ረግረግ ለማድረቅ ብሎ ቢጠይቀው፣ ደንበኛውን አያጣም፤ የሚመክረው ሰው መሆኑን ግን ያሳውቃል። ዓሣ ላኪው በመራቢያ ወራት ከወንዝ አፍ የወጣ ዓሣ አልገዛም ቢል፣ ገበያው ራሱ ሕግ አስከባሪ ይሆናል። ባለሆቴሉና ባለጀልባው ደግሞ ከእያንዳንዱ ጎብኚ ከሚያገኙት ገቢ ጥቂቱን ሽምብራው ለተበላበት ገበሬ ካሳ ቢያደርጉት፣ ወፍ ጠባቂው ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል፤ አባቱም የክሬኑ ጠላት መሆኑ ቀርቶ መንገድ መሪ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው አቅም የሚፈጸም አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የባሕር ዳር ባለጀልባ፣ የወረታ ባለወፍጮና የናበጋ ገበሬ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ካልተስማሙ፣ እያንዳንዱ የራሱን ትርፍ ሲያሳድድ የጋራው ገበያ ይደርቃል።

የከተማይቱ ስም በአማርኛ ሌላ ትርጉም እንዳለው ሁሉም ያውቀዋል፤ ወረታ ማለት ለተደረገ ውለታ የሚመለስ ብድር ነው። ጣናና ሜዳው ለዚህች ከተማ ሩዝ፣ ወተት፣ ዓሣና ሽንኩርት ሰጥተዋል። በመጪው ኅዳር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የመለከቱ ድምፅ ከምሥራቅ በኩል ሲሰማ፣ ክሬኖቹ የሚቆሙበት ውሃ ካገኙ ወረታው ተከፍሏል ማለት ነው።